ግራ ክንድ፣ ከክርን በታች

ፊልሙ መጥፎ ነው። ይህን የምለው ቀንቼ አይደለም። ቀንቻለሁ፣ አልክድም፤ የፊልሙ መጥፎነት ግን ከቅናቴ ይቀድማል። ስክሪፕቱ እጄ የገባ ዕለት፣ ገና በማንም ሳልቀና፣ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደርሼ «ኧረ ጉድ!» ብያለሁ።

አምስት ተማሪዎች ፈተና ጨርሰው ከከተማ ውጭ ወዳለ ባዶ ቤት ይሄዳሉ። ለምን እዚያ እንደሚሄዱ ማንም አያውቅም፤ የጻፈው ሰው ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። ገና ከመድረሳቸው ስልኩ ኔትወርክ ያጣል፣ መኪናው አልነሳም ይላል፣ መብራቱ ድርግም ይላል። ቀልደኛው ልጅ አንደኛ ይሞታል። ቀጥሎ ፍቅረኛሞቹ፤ በነሱ ፈንታ እኔ እስካፍር ድረስ ተቃቅፈው ሳለ። ከዚያ ጉልበተኛው ልጅ ተነስቶ «ተበታትነን እንፈልገው!» ይላል። ሰው እየታረደ ተበታትነን! እኔና ታናሽ እህቴ በልጅነታችን ቤት ውስጥ አይጥ ስትገባ እንኳ ተቃቅፈን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንወጣው። ገዳዩ የብረት በያጅ ጭንብል ያጠልቃል፤ አይሮጥም፣ እያዘገመ ይራመዳል፣ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። የምትሮጠዋ ልጅ ደግሞ ደልዳላ መሬት ላይ ትወድቃለች። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ብቻ ትተርፋለች፤ ገዳዩን መትታ ትጥለውና ቢላውን አጠገቡ አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ታለቅሳለች።

የእኔ ሥራ ማስታወስ ነበር። ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ አይቀረጽም። ሰውየው በር ሲከፍት ዛሬ ይቀረጻል፣ ያንኑ በር አልፎ ሲገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ። በመሃል ጢሙ ካደገ፣ ወይ ሰዓቱ ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ ከዞረ፣ ተመልካች ይስቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ካሜራው ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር መጻፍ አለበት፦ ብርጭቆው እስከ የት እንደጎደለ፣ የትኛው ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ፀጉሯ ከጆሮዋ ፊት ይሁን ከኋላ። እዚያች በርጩማ ላይ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። «ወይዘሮ ደብተር» ይሉኛል። ባል የለኝም፤ ወይዘሮነቱን የሰጠኝ ደብተሩ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ፊልም ላይ የሚጻፈው ሁሉ ደም ነው። ማን የት ቆሰለ፣ ደሙ ትኩስ ነው ወይስ ደርቋል፣ የሸሚዙ ቅዳድ ስንት ጣት ይሆናል። ደሙ ከሽሮፕና ከቀይ ቀለም ይሠራል፤ ዝንብ እንደ ጉድ ይወደዋል። በደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ ደግሞ ለራሴ ብቻ የፊልሙን ጅልነት እየቆጠርኩ እጽፍ ነበር። ሠላሳ ሁለት ደርሶልኛል። አንዱ «መስኮቱ ክፍት ነው፤ ለምን አይወጡም?» ይላል። ሌላው «አምስቱም ልጆች እናት የላቸውም። ኔትወርክ ባይኖር እንኳ እናት በእግሯ ትመጣ ነበር» ይላል። ይህችን ስጽፍ ብቻዬን ስቄያለሁ።

እንግዲህ ወደ ቅናቴ ልምጣ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ አንድ ፊልም ሠርቼ ነበር፤ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ አይደለም፣ ከካሜራው ፊት ቆሜ። ሚናዬ ሆቴል ውስጥ ቁልፍ የምታቀብል ልጅ ናት፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ፊልሙ የታየ ቀን እናታችን ሰባት ጎረቤት አስከትላ ሲኒማ ቤት መጣች። እኔ የለሁበትም። ቆርጠው ጥለውኛል። ከሲኒማ ቤቱ ስንወጣ ጎረቤቶቹ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረቡ ስለ ዘፈኑ ማማር ያወሩ ነበር፤ እናታችን እስከ ቤታችን ክንዴን ሳትለቅ ሄደች። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ መያዝ ተማርኩ።

በዚህኛው ፊልም ላይ ግን ዳይሬክተሩ ቃል ገብቶልኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹን «እዚያ ቤት አትሂዱ» የምትል አንዲት አስተማሪ አለች። በእንዲህ ዓይነት ፊልም ሁሉ አንድ የሚያስጠነቅቅ ሰው አለ፣ ማንም አይሰማውም። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው ያላት። «ያንቺ ናት» አለኝ። አምስቱንም በአንድ ምሽት ሸመደድኳቸው፤ ከመስታወት ፊት መነጽር አድርጌም፣ አውልቄም ሞክሬያቸዋለሁ። በፊልሙ ላይ እንደዚያ እያፌዝኩ ለአምስት ዓረፍተ ነገሩ እንደዚያ መንሰፍሰፌ ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ታናሽ እህቴን ቤተሰቡ ሚጡ ይላታል፤ እኔም እንዲያ ስለምጠራት ቀረጻ ላይም ሚጡ ሆና ቀረች። በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጪያታለሽ ተብዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሰባት ትመስላለች። ተዋናይ የተመረጠ ዕለት ወደ አዳራሹ የመጣችው ከእኔ የቤት ቁልፍ ልትወስድ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ ለተራፊዋ ልጅ ሚና አሥራ ስምንት ልጃገረዶች ፈትኗል፤ አሥራ ስምንቱም ጮኸዋል፤ የሁላችንም ጆሮ ደንቁሯል። ሚጡን በር ላይ ቆማ አያትና «ነይ እስኪ ግቢ፤ ገዳዩ ደረሰብሽ፣ ጩኺ» አላት።

እሷ ጥግ ሄዳ ቁጢጥ አለች፣ በሁለት እጇ አፏን አፈነች፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች።

«ጩኺ እንጂ!»

«የሚያሳድደኝ ሰው ካለ ለምንድነው ያለሁበትን የምነግረው?» አለችው በጣቶቿ መሃል።

አዳራሹ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፤ ሠላሳ ሁለት ስህተት ስቆጥር ይህቺን አንዷን አላየኋትም ነበር። ሚናው የሷ ሆነ። ቁልፉን ስሰጣት «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። የሆንኩትን አውቀዋለሁ፣ ግን የዚያን ቀን «ምሳ ሳልበላ ቀርቼ ነው» አልኩ።

ቀረጻው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ዳቦውን እያኘከ በርጩማዬ አጠገብ መጣ።

«አስተማሪዋን አወጣኋት» አለኝ።

«የት አወጣሃት?»

«ከፊልሙ። ምን ታደርግልኛለች? ሁሉም ፊልም ላይ አለች። በሷ ቦታ ለሚጡ አንድ ረጅም ሲን ጻፍኩላት፤ ቁምሳጥን ውስጥ ተደብቃ። ሳትጮህ። ልጅቷ ተሰጥኦ አላት እኮ! ቅር አይልሽም አይደል? እህትሽ እኮ ናት።»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል» አልኩት። ቆሽቴ ድብን ብሎ ነበር።

ነገሩ በዚያ ቢበቃ ደግ። በሚቀጥለው ዓመት ሊሠራ የሚያስበውን ፊልም ነገረኝ፤ ደም የሌለበት፣ ሰው የሚመስሉ ሰዎች ያሉበት፣ አሥር ዓመት በሆዱ ይዞት የኖረ ታሪክ ነው። የዚያን ፊልም ወጪ የሚችሉት ሰውዬ ዋናዋን ተዋናይት ራሳቸው አይተው ካልወደዱ አልጀምርም ብለውታል። እሱ ደግሞ ሚጡን ሊያሳያቸው ነው፤ በዚያች በቁምሳጥኗ ሲን። ሲኑ ካማረ ሚናው የሷ ነው። ካላማረ ወይም ከፊልሙ ከወጣ፣ ሰውየው ሌላ ያሰቧት ተዋናይት አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያገኘኝ ሁሉ «እህትሽ እኮ!» ይለኛል። መብራት የሚያበራው ሰው «እህትሽ እኮ ዓይኗ ብቻ ይበቃል» አለኝ። ገዳዩ ሳይቀር። ገዳዩን የሚጫወተው የሦስት ልጆች አባት የሆነ ትሑት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሰው በወጋ ቁጥር ጭንብሉን ገልብጦ «ይቅርታ፣ አሳመምኩህ?» ይላል። እሱም ላቡን እየጠረገ «የእህትዎ ነገር! እኔ ነኝ እሷን የምፈራት» አለኝ። ሚጡ ራሷ ምንም አልተለወጠችም፣ እሱ ነው የባሰኝ። ብትኮራ፣ ብትንቀባረር፣ ደህና አድርጌ እጠላት ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ እኔን ይፈልጋል፣ «እትዬ፣ ልክ ነኝ?» ትለኛለች። እኔ ደብተሬን አይቼ «ፀጉርሽን ወደ ኋላ»፣ «ቁልፍሽን ክፈቺ» እላታለሁ፤ ከዚያ «አሁን ልክ ነሽ» ስላት ትከሻዋ ዘና ይላል። እንዲህ አድርጋ ስታምነኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የማስበው አምስት ዓረፍተ ነገሬን ነበር።

የቁምሳጥኑ ሲን የመጨረሻው ቀን ላይ ዋለ። ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ውጭ ፀሐይ ያቃጥላል፣ እኛ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ሌሊት አድርገነዋል። ቤቱን በማግሥቱ ጠዋት ለባለቤቶቹ ማስረከብ አለብን፤ ቀለም ቀቢዎች ይገባሉ። አናጢው በመጥረቢያ የሚሰበር ሁለት ስስ የቁምሳጥን በር ሠርቶ ነበር፤ አንዱ በልምምድ ላይ ተሰብሯል። የቀረው አንድ በር ነው። ስለዚህ የሚቀረጸውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቁምሳጥኑ የጎን ጣውላ ተነቅሎ ካሜራው በዚያ በኩል ገባ፤ እኔ እንደ ልማዴ ካሜራው ሥር በርጩማዬ ላይ ነኝ። እጄን ብዘረጋ ጉልበቷን እነካለሁ።

ሚጡ ከመዋቢያው ክፍል ስትመጣ ወዲያው አየሁት።

ቁስሉ ቀኝ ክንዷ ላይ ነው። ደብተሬ ውስጥ በራሴ እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ግራ ክንድ፣ ከክርን በታች ሦስት ጣት» ተብሎ ተጽፏል። ከቤቱ ሸሽታ የምትወጣበት ሲን ከሁለት ሳምንት በፊት ተቀርጿል፤ እዚያ ላይ የታሰረው ግራ ክንዷ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣም ገባኝ። ሜካፕ ሠሪዋ ያን ጊዜ ቁስሉን በስልኳ ያነሳችው ሚጡ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ሳለች ነው፤ ያነሳችው ልጅቷን ሳይሆን መስታወቱን ነው። ዛሬ ያንን ፎቶ ፊቷ ደቅና ሠራች። ግራው ቀኝ ሆኖ ቁጭ አለ።

አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ደሙን አጥቦ በሌላው ክንድ ላይ መቀባት። አፌን ልከፍት ነበር። ከመክፈቴ በፊት ግን አንድ ሐሳብ መጣ፤ ከመጣ በኋላም አልሄድ አለ፦ ይህ ሲን ከሌላው ጋር አይገጥምም። ኤዲተሩ ምስሉን ገልብጦ ቀኙን ግራ እንዳያደርገው፣ ቲሸርቷ ደረት ላይ የትምህርት ቤቱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ፊደሎቹ ይገለበጣሉ። በሩ አንድ ነው። ቤቱ ነገ የለም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ እስክተነፍስ ነው። ሥራዬን አውቃለሁ። እኔን ቆርጠው እንደጣሉኝ እሷንም ቆርጠው ይጥሏታል ብዬ አሰብኩ፣ እንዲህ ብዬ በግልጽ፣ በቃል አሰብኩ።

ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ በየተራ ጠራ።

«ካሜራ?»

«ዝግጁ።»

«ድምፅ?»

«ዝግጁ።»

ሚጡ ቁምሳጥኑ ውስጥ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ወደ እኔ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ «እትዬ፣ ልክ ነኝ?» አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነው።

«ልክ ነሽ» አልኳት። ደብተሬን ከደንኩት።

«ደብተር?» አለ ዳይሬክተሩ። እኔ ቃሌን ካልሰጠሁ ቀረጻ አይጀመርም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያለኝ ሥልጣን ይቺ ብቻ ናት።

«ልክ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አክሽን!»

መጥረቢያው በሩን አንዴ መታው። ሚጡ አልጮኸችም፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛ መታው፣ ጣውላው ተሰነጠቀ፣ ብርሃን እንደ ክር ገብቶ ጉንጯ ላይ ወደቀ። በስክሪፕቱ መሠረት ዓይኗ ከበሩ መነቀል የለበትም። እሷ ግን ቀስ ብላ ከበሩ ዘወር አለች። ወደ ካሜራው ጎን፣ ዝቅ ብላ ተመለከተች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፍርሃት ነው፣ ግን ሊገድላት የመጣን ሰው የምትፈራ አትመስልም። የሆነ ነገር ያወቀች፣ ባታውቀው የምትመርጥ ሰው ፊት ነው። እንባዋ ሳትስቅ ሳታለቅስ ዝም ብሎ ወረደ። በሩ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ገዳዩ ቆመ፣ እሷ እሱን ቀና ብላም አላየችውም።

«ካት» የሚል ጠፋ። ካሜራማኑ ዓይኑን አላነሳም። ከስንት ጊዜ በኋላ ገዳዩ ጭንብሉን ገልብጦ «ይቅርታ፣ መታሁሽ እንዴ?» ሲላት ነው ዳይሬክተሩ የነቃው። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ሜካፕ ሠሪዋ ታለቅሳለች። ሚጡ ከቁምሳጥኑ ወጥታ ማንንም ሳታነጋግር ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። እኔ በርጩማዬ ላይ ቀረሁ፤ ደስ አላለኝም፣ አልጸጸተኝም። እንደዚያ ያለ ነገር ከሷ መውጣቱ አንገበገበኝ። «ይሁን፣ አይታይም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳይሬክተሩ የተገጣጠመውን ሊያሳየን ወደ ኤዲተሩ ክፍል ጠራን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ አንድ ሶፋና ሁለት ስክሪን ብቻ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ኤዲተሩ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሚጡና እኔ ነን። ፊልሙ እንደጠረጠርኩት ነው። ቀልደኛው ሞተ፣ ፍቅረኛሞቹ ሞቱ፣ ተበታተኑ፣ አለቁ። ዳይሬክተሩ ራሱ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ቁምሳጥኑ ላይ ደረስን፤ ኤዲተሩ ሲጋራውን እንኳ ሳይለኩስ በጣቱ መሃል እንደያዘው ቀረ። ሲኑ አለቀ፤ ሚጡ በታሰረ ግራ ክንድ ከቤቱ ሮጣ ወጣች።

«ድገምልኝ» አለ ዳይሬክተሩ።

ደገመለት። ሦስተኛ ደገመለት። እኔ ጠበቅኩ። አሁን ያዩታል፣ አሁን ያዩታል። ቁስሉ ስክሪኑን ሞልቶ ቀኝ ክንድ ላይ ተጋድሟል፤ በሚቀጥለው ምስል ግራ ክንድ ላይ ነው። አያዩትም። ሦስት ዓይን ያለው ሰው እንኳ ፊቷን ብቻ ያያል።

«ሰውየው ትናንት አዩት» አለ ዳይሬክተሩ ለሚጡ። «ሁለቴ አስደገሙኝ። ሚናው ያንቺ ነው፤ የኔ እመቤት፣ እንኳን ደስ ያለሽ።»

መቻል አቃተኝ።

«ክንዱ ተሳስቷል» አልኩ።

ሦስቱም ዞሩ።

«ቁስሉ ቀኝ ላይ ነው። ግራ ነው መሆን ያለበት። ይህ ሲን አይገጥምም፣ መውጣት አለበት።» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ቢሮ ውስጥ እንደምትቆጣ አለቃ።

ኤዲተሩ ወደ ኋላ መልሶ ምስሉን አቆመው። አየው። «እውነቷን ነው እኮ!» አለ። ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ ሊለጠፍ ደርሶ አየና ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው።

«አንድ ወር ሙሉ በዚህ ፊልም ውስጥ ሰው የሚያምነው ነገር ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ይሄ ነው፤ ለክንድ ብዬ ልጣለው? ማን ክንዷን ያያል? እንኳን ቀኝና ግራ፣ ክንድ ባይኖራትም አያዩም!» ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ እኔ ዞረ። «ቆይ ግን፣ በዕለቱ ‹ልክ ነው› ብለሽኛል እኮ። በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አምልጦሽ አያውቅም። መቼ ነው ያየሽው?»

ከቦርሳዬ ደብተሬን አውጥቼ ገጽ መግለጥ ጀመርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሚጡ ከሶፋው ላይ። «ሜካፕ ስቀባ ‹ቀኝ ነው› ያልኳት እኔ ነኝ። እትዬ ደግሞ በሩን ነበር የምታየው፤ አንድ በር ብቻ ነው የቀረው ብላችሁ አስጨንቃችኋታል። አሁን ስታየው ነው ያወቀችው። አይደል እትዬ?»

«አዎ» አልኩ።

«ይሁና፣ ምን ቸገረን» አለ ዳይሬክተሩና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። «አንድ ነገር ግን ንገሪኝ ሚጡ። በሩን እይ ነው ያልኩሽ። ለምን ዘወር አልሽ? እዚያ የምታይው ነገር ከመጥረቢያው የባሰ ነው የሚመስለው።»

«እንጃ፣ እንዲሁ መጣልኝ» አለችው።

ተሰናብተን ወጣን። ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቆመች። እኔ «አመሰግናለሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለችኝ። አልጮኸችም። «ቁምሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ አየሁት፣ ቀኝ እንደሆነ። የሚታሰረው ግራዬ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሳክኮኛል፣ እንዴት እረሳለሁ? አንቺ ታርሚዋለሽ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ። ‹ልክ ነሽ› ስትዪኝ ረስታው ነው አልኩ። ከዚያ ደብተሩን ከደንሽው። ቀረጻ ሊጀመር ሲል ደብተር ከድነሽ አታውቂም እትዬ። ያኔ ገባኝ።»

«ሚጡ…»

«መጥረቢያው ሲመታ በሩን ለማየት ሞከርኩ። አልቻልኩም። አንቺን ነበር የማየው። ያደረግሽኝን ነበር የማየው።» ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። «አሁን ሁሉም ‹እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?› ይሉኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ስለዚህ ትወና አልነበረም?» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ የተሰማኝን ግን አውቃለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ። ተሰጥኦ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስለቀስኳት። እሷም ሰው ናት፣ እንደኔ። ይህን ሳስብ ከንፈሬ ለፈገግታ ሊከፈት ደርሶ ነበር።

«ደስ አለሽ» አለችኝ።

«አላለኝም!»

«ብሎሻል።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እሁድ እማዬ ጋ ምሳ አለ። እንዳትቀሪ፤ ከቀረሽ ታማ ነው ብላ ትጨነቃለች። ግን ከጎኔ አትቀመጪ።»

እሁድ ሄድኩ። እናታችን ነገሩን ሰምታለች፤ ልጇ ትልቅ ሚና አግኝታለች፣ ቤቱ ሙሉ ደስታ ነው። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ተናግራለች፣ ያን ጊዜ ለእኔ ሲኒማ ቤት ለመጡት ለነዚያው። «እህትሽ ባትኖር ማን ያስገባሽ ነበር?» እያለች ሁለታችንን እየሳመች ጎን ለጎን አስቀመጠችን። ሚጡ ሳህኗን ይዛ ተነሳችና ማዶ ሄዳ ተቀመጠች።

የእናታችን እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆናችሁ? ተጣልታችኋል?»

እኔ ዓይኔን ሳህኔ ላይ ተከልኩ። ሚጡ ግን ቀና ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ውስጥ እስኪደርስ፣ ጥርሷ እስኪታይ። «ኧረ ወዲያ እማዬ! እትዬ ምን ታደርገኛለች? እዚያ ጋ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ እንጂ» አለች፤ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ፣ ከእናታችን ሳህን ላይ ቁራሽ አንስታ ጎረሰችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ለእኔም ፈገግ አለችልኝ፤ እንደ ድሮው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እናታችን እፎይ ብላ ተቀመጠች። ያ ትወና ነበር። ነገሩን ባላውቅ ኖሮ እኔም አምናት ነበር።